ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ጎልጎታው



ትንሣኤን የሚያከብር ሁሉ አስቀድሞ በዕለተ ዓርብ ማለፍ ይገባዋል። ጎልጎታን ዞሮ ወደ ባዶው መቃብር የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ የለምና። ስለዚህም በዛሬው የበዓል ገጻችን ስለ ጎልጎታ፣ ይልቁንም ጎልጎታን በቀለም ለመናገር ስለ ደፈረ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

እኛ በምናገለግልበት በአቃቂ ቃሊቲ የስቅለት ዕለት ገና በማለዳው ይታወቃል። ከፋብሪካ የሌሊት ተራቸውን ጨርሰው የወጡ ሠራተኞች ሳይቀሩ፣ ድካማቸውን እንደ ያዙ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። መጋረጃው ጥቁር ነው፤ ዜማው የሐዘን ነው። ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ ይነበባል፤ ሥዕለ ስቅለቱ በምእመናን ፊት ይቆማል፤ ስግደቱም እስከ ማታ ይቀጥላል። በመጨረሻ ሕዝቡ በወይራ ቅጠል እየተጠበጠበ የስግደቱን ቁጥር ተቀብሎ ይሰናበታል። በዚያች ቀን ከንባቡና ከዜማው ቀጥሎ ሕዝቡን የሚያስተምረው ሥዕሉ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳይነቅሉ የሕማሙን ታሪክ ከራስ እስከ ግርጌ ያነቡታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሙነ ሕማማት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አንዱ ከመጽሐፍ የተባዛ የአንድ ሥዕል ቅጂ ይዞ መጣ። የሥዕሉ ስም ጎልጎታ እንደሚባል ነግሮን በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ፈቃዳችንን ለመነ። እኛም ተመለከትነው። የለመድናቸውን ገጾች ፈለግን፤ አላገኘንም። ትልልቆቹን ዓይኖች፣ ወርቃማውን አክሊለ ብርሃን፣ በየራሱ የተጻፈውን ስም ፈለግን፤ እነዚህንም አላገኘንም። የገነነው ቀይ ቀለም ነበር። ይህ ሥዕለ ስቅለት አይደለም ብለን መለስነው። ወጣቱ አልተከራከረንም፤ ወረቀቱን ጠቅልሎ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

እርሱ ከሄደ በኋላ ግን መልሳችን እረፍት ነሣን። ለአንድ ተማሪ አይሆንም ያለ መምህር ስለ ምን አይሆንም እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል። እኛ ግን ሥዕሉን እንጂ ሠዓሊውን አናውቀውም ነበር። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ መመርመር ጀመርን። የሕይወቱ ዘመናት በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተመዝግበው ስለሚገኙ እኛም ከዚህ በታች በዚያው እናስቀምጣቸዋለን።

የአለቃው ልጅ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰሉ፣ በራስ መኰንን ዘመን በሐረር ያገለገሉ ሊቅ ሲሆኑ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ በማስጌጥም ይታወቁ ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስላረፉ ያደገው በአባቱና በቤተ ዘመዱ እጅ ነው። በቤቱ ውስጥ ቀለምና ብዕር እንደ ዕለት ጉርስ የማይጠፉ ነገሮች ነበሩ። ሌሎች ልጆች ሥዕልን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሲያዩት፣ እርሱ ግን ሥዕል ከእጅ ሲወጣ የማየት ዕድል አገኘ።

ልጅነቱ በሰላም ዘመን ያለፈ አልነበረም። የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ፤ ወረራው ሲያበቃ እርሱ ወደ ዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ደርሶ ነበር። ከነጻነት በኋላ በሐረር ራስ መኰንን ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ቀጠለ። በትምህርቱ ብርቱ ስለነበረም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ።

በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ መሆን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻንም። የተማረ ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ሹመትና ደመወዝ ይጠብቁታል። ገብረ ክርስቶስ ግን ትምህርቱን በመካከሉ ትቶ ወደ ሥዕል አዘነበለ። በዘመዶቹ ዘንድ ይህ ውሳኔ እንዴት እንደ ታየ መገመት አያስቸግርም። በአንድ በኩል ግን ልጁ ከአባቱ ቤት አልራቀም ነበር። ወደ ቀለሙ ነበርና የተመለሰው።

አራት ዓመት በኮሎኝ

በ1957 የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ። በኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት እስከ 1961 ተምሮ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

ኮሎኝ በዚያን ጊዜ ከቁስሏ ያላገገመች ከተማ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብዛኛው ክፍሏ በአውሮፕላን ቦምብ ፈርሶ፣ ታላቁ ካቴድራል ግን በፍርስራሹ መካከል ቆሞ ተርፏል። በዚህ ካቴድራል ውስጥ የጌሮ መስቀል የሚባል ከእንጨት የተቀረጸ ስቅለት ይገኛል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን በምዕራብ አውሮፓ ተጠብቀው ከቆዩት ትልልቅ የስቅለት ቅርጾች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። የዚህ ቅርጽ ሠሪ ጌታን በድል አድራጊ መልክ ሳይሆን፣ ዓይኖቹ ተከድነው፣ ራሱ ዘንበል ብሎ፣ ሰውነቱ በክብደቱ ወደ ታች ተስቦ አሳይቶታል። ከእርሱ በኋላም የጀርመን ሠዓልያን የሕማሙን ጭካኔ ሳይሸሽጉ የማሳየት ልማድ ነበራቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማቲያስ ግሩነቫልድ ለአንድ የሕሙማን ማረፊያ ገዳም የሣለው ስቅለት ሰውነቱ በሙሉ በቁስል የተሞላ ነው። ይህም በሕመም የሚማቅቁት ሰዎች አምላካቸው ሕመማቸውን እንደሚያውቅ ያዩ ዘንድ ነበር።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ የጀርመን ሠዓልያን ከውጫዊው መልክ ይልቅ የውስጡን ስሜት በቀለም ኃይል መግለጥ ጀመሩ። የሂትለር መንግሥት በ1937 እነዚህን ሥዕሎች የተበላሸ ጥበብ ብሎ በሙኒክ ለመሳለቂያ አሳያቸው፤ ብዙዎቹንም ከቤተ መዘክር አውጥቶ ሸጠ፣ አጠፋ። ገብረ ክርስቶስ ወደ ኮሎኝ በደረሰ ጊዜ እነዚህ ሥራዎች ወደ ክብራቸው የተመለሱበት ዘመን ነበር። እርሱም ከእነርሱ ዘንድ አንድ ታላቅ ነገር ቀሰመ፤ ይኸውም ቀለም የአንድ ነገር ልብስ ብቻ ሳይሆን በራሱ የሚናገር ቋንቋ መሆኑን ነው።

በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት በተቋቋመው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1963ም ሥራዎቹን ለሕዝብ በዐውደ ርእይ አቀረበ። ጎልጎታ የተሰኘው ሥዕልም የዚሁ ዓመት ሥራ ነው።

ሥዕለ ስቅለት እንዴት ይታሰባል?

የገብረ ክርስቶስን ሥራ ለመረዳት አስቀድመን የአባቱን ዓይነት ሠዓልያን አሠራር መመልከት ይገባናል።

በጥንቱ ሥርዓት ሥዕለ ስቅለትን የሚሥል ሰው ከባዶ አይነሣም። ጸሎት ያደርሳል፤ ቀጥሎም ከአባቶቹ የተቀበለውን ሥርዓት በልቡ ይዞ ቦታውን ይከፍላል። መካከሉ የመስቀሉ ነው። በቀኝ እመቤታችን፣ በግራ ዮሐንስ ይቆማሉ። ከላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሣላሉ፤ ፀሐይ ስለ ጨለመች፣ ጨረቃም ደም ስለ ለበሰች ነው። መላእክት ከጎኑና ከእጆቹ የሚፈሰውን ደም በጽዋ ይቀበላሉ። ለንጊኖስ ጦሩን ይዞ ይታያል። ከመስቀሉ ግርጌ ደግሞ የራስ ቅል ይቀመጣል። ጎልጎታ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነውና፤ አዳም በዚያ ተቀብሮ የጌታ ደም በዐፅሙ ላይ እንደ ወረደ አባቶች ያስተምራሉ። ያ ቅል የሁላችንም ነው።

አሠራሩም እንዲሁ የታወቀ ነው። በብራና ከሆነ ብራናው ይፋቃል፤ በግድግዳ ከሆነ ሸማ ተለጥፎ ገጹ ይለሰልሳል። ሠዓሊው በከሰል መነሻውን ይነድፋል፤ በንድፉ ውስጥ ቀዩን፣ ብጫውን፣ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን በየቦታቸው ይሞላል፤ በመጨረሻም በጥቁር መሥመር ዳር ዳሩን አጥብቆ ይዘጋዋል። ጻድቃን ሁለት ዓይኖቻቸው እየታዩ፣ ኃጥአን ግን በአንድ ዓይን በጎን ገጽ ይሣላሉ። ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ሠዓሊው አስቦ ይጨርስና ይሥላል እንጂ እየሣለ አያስብም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደም በቀጭን መሥመር ይወርዳል። ልኩ የታወቀ ነው፤ ከጽዋው አያልፍም።

ይህ ሥርዓት የተዋበ ነው፤ ለጸሎትም የተገባ ነው። ይሁን እንጂ የአገራችን ሠዓልያን ስቅለትን ሁልጊዜ በዚህ አኳኋን ብቻ አልሣሉም። በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን ያየነውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባናል። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉ የኢትዮጵያ የወንጌል መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ሥዕለ ስቅለቶች የጌታን ሥጋ በመስቀሉ ላይ አያሳዩም። መስቀሉ እንደ ዕንቍ ተሸልሞ ባዶውን ይቆማል፤ በላዩ በግ ይሣላል፤ ሁለቱ ወንበዴዎች ብቻ በግራና በቀኝ ተሰቅለው ይታያሉ። የጌታ ሥጋ በመስቀል ላይ በብዛት መሣል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ራሳቸው ታላቁን ምሥጢር በምልክት መናገርን፣ የሚታየውን ትቶ የማይታየውን ማመልከትን ያውቁ ነበር። እኛ ወጣቱን በመለስንበት ዕለት ይህን ትምህርታችንን ረስተነው ኖሯል።

ቀዩ ጎልጎታ

አሁን ወደ ገብረ ክርስቶስ ሥዕል እንመለስ።

አንድ ሠዓሊ ምሳሌያዊ ሥዕል ሲያስብ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ልጨምር የሚል ይመስለናል። ይሁንና ከባዱ ጥያቄ ምን ልተው የሚለው ነው። ገብረ ክርስቶስ የአለቃ ልጅ ነበርና ከላይ የዘረዘርነው ሥርዓት ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይኑ ውስጥ ነበረ። የተወውን ያልተማረ ሆኖ አልተወም። ጥቁሩን የመዝጊያ መሥመር ተወ፤ አክሊለ ብርሃኑንና የጽሑፍ ስሙን ተወ፤ ተመልካቹ ይህ እገሌ ነው ብሎ በጣቱ የሚጠቁምበትን የገጽ ዝርዝር ተወ። ያስቀረው የመከራውን ሰውነትና ደሙን ነው።

ሁለተኛው ውሳኔው የቀለሙ ነው። በአባቱ ሥርዓት በመሥመር ተወስኖ፣ በጽዋ ተለክቶ የነበረው ቀይ በእርሱ ሥዕል መሥመሩን ጥሶ ወጣ። ደሙ የሥዕሉ አንድ ክፍል መሆኑ ቀርቶ የሥዕሉ አየር ሆነ። ተመልካቹ ደሙን ከሩቅ ቆሞ እንዳያይ፣ ይልቁንም በውስጡ ቆሞ እንዲገኝ አደረገው። ከሰባቱ የዕለተ ዓርብ ተአምራት መካከል ሦስቱ በሰማይ፣ አራቱ በምድር ሆኑ። ፀሐይ ጨለመ፤ ጨረቃ ደም ሆነ፤ ከዋክብት ረገፉ፤ መጋረጃው ተቀደደ፤ ዐለቱ ተሰነጠቀ፤ መቃብራት ተከፈቱ፤ ሙታንም ተነሡ። ሰማይና ምድር እንዲህ በተናወጡበት ሰዓት እያንዳንዱ ቅርጽ በየቦታው ረግቶ መታየቱን የሚጠይቅ ሠዓሊ ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም።

ሦስተኛው የመሣሪያው ነው። ገብረ ክርስቶስ የሠራው በዘይት ቀለም ነው። የዘይት ቀለም እንደ ብራናው ቀለም ቶሎ አይደርቅም። በእርጥብነቱ ሌላ ቀለም ይጨመርበታል፤ ይፋቃል፤ በወፍራሙ ይደረባል። የብሩሹ ምት ደርቆም ይታያል። በዚህ ምክንያት ሠዓሊው የደከመበት ድካም፣ የእጁ ፍጥነትና ክብደት በሥዕሉ ላይ እንደ ጠባሳ ይቀራል። የጥንቱ ሠዓሊ ስለ ትሕትና የእጁን ዱካ በመሥመር ጥራት ይሰውረው ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን ዱካውን አልሰወረም፤ ስለ ቁስል የሚናገር ሥዕል ራሱ ልሙጥ ሊሆን አይችልምና። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። አንደኛው የተፈጸመውን ድኅነት በጸጥታ ያሳያል፤ ሁለተኛው ድኅነቱ የተከፈለበትን ዋጋ ያሰማል።

የጊዜው ተመልካች ሁሉ ይህን በደስታ አልተቀበለውም። እንዲህ ያለው አሣሣል የውጭ አገር ነው፣ ከኢትዮጵያ ባህል የወጣ ነው የሚል ትችት ተሰነዘረ። ገብረ ክርስቶስ በበኩሉ ጥበብ የአንድ አገር ድንበር እንደማያግደው፣ ሠዓሊም የሰው ልጅ ሁሉ ወራሽ መሆኑን ይከራከር ነበር። ክርክሩ የጦፈ ቢሆንም ሥራው ሳይታወቅ አልቀረም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማትን ሰጠው። በ1966 ከፓሪስ የተመለሰው እስክንድር ቦጎሲያንም በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ሁለቱ ያስተማሯቸው ወጣቶች የአገራችንን ዘመናዊ ሥዕል መልክ ለወጡት።

ገብረ ክርስቶስ ከሰማይ በታች ያለውን ተራ ነገርም አልናቀም። የአዲስ አበባን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሥሏል። ዝገቱን፣ ክምችቱን፣ የድኻውን ቤት ጥግግት እንደ ትልቅ ጉዳይ ተመልክቶታል። እኛ በአቃቂ ቃሊቲ ከደብሩ ቅጽር ቆመን ቁልቁል ስንመለከት የምናየው ይህንኑ ጣሪያ ነው። ከዚህ ቀደም አይተነው አናውቅም ብንል ሐሰት አይሆንም። ከጣሪያዎቹ ሥር ያለውን መከራ ያስተዋለ ዓይን ጎልጎታን በዚያ መልክ ማየቱ አሁን አይደንቀንም።

ባለቅኔውና ስደተኛው

ብዙ ሰው ገብረ ክርስቶስን ከሥዕሉ ይልቅ በግጥሙ ያውቀዋል። ሀገሬ የተባለው ግጥሙ በትምህርት ቤትም በመድረክም ሲነበብ ኖሯል። መንገድ ስጡኝ ሰፊ እና የጠፈር ባይተዋር የተባሉት ግጥሞቹም በአማርኛ ቅኔ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ስፍራ አላቸው። በግጥሙም እንደ ሥዕሉ የለመድነውን ቤት አፍርሶ ሌላ ቤት መሥራትን አልፈራም። በተለይ የአገርን ናፍቆት እንደ እርሱ የተናገረ ጥቂት ነው።

ያ ናፍቆት በመጨረሻ የገዛ ሕይወቱ ሆነ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። በተከታዮቹ ዓመታት የአገሪቱ ከተሞች በደም ተጥለቀለቁ፤ ወጣቶች በየመንገዱ ወደቁ። ሥዕሉ ትንቢት ነበረ ብለን ለመናገር አንደፍርም፤ ትንቢት የሌላ ጸጋ ነው። ነገር ግን በ1963 ቀዩ በዛ ብለው የወቀሱት ሰዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገራቸውን ጎዳና ሲያዩ ምን እንዳሰቡ ራሳችንን መጠየቃችን አልቀረም።

በ1970ዎቹ መገባደጃ ገብረ ክርስቶስ አገሩን ለቅቆ ወጣ። ወደ ቀድሞ የትምህርት አገሩ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1981 በኦክላሆማ ግዛት በሎተን ከተማ በሞት ተለየ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የተቀበረውም በዚያው ነው። ስለ አገሩ አፈር የዘመረ ሰው የአገሩን አፈር ሳይለብስ ቀረ።

ሥራዎቹ ግን ተመለሱ። በጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከል ተከፈተ። ሰው ሳይመለስ የእጁ ሥራ መመለሱ ለቤተ ዘመድና ለአገር ሙሉ መጽናኛ አይደለም፤ ሆኖም መጽናኛ ነው።

ለወጣቱ የሰጠነው ሁለተኛ መልስ

ይህን ሁሉ ከመረመርን በኋላ ወጣቱን አስጠራነው። ቀድሞ የሰጠነው መልስ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን የችኮላ መሆኑን ነገርነው።

እውነቱ ይህ ነው። በቤተ መቅደስ የሚሰቀል፣ ሕዝብ የሚሰግድበትና የሚሳለመው ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው። ያ ሥርዓት የአንድ ሰው ፈጠራ ሳይሆን የማኅበሩ ሁሉ ጸሎት ነው፤ ማንም ብቻውን ሊለውጠው አይገባም። የገብረ ክርስቶስ ጎልጎታ ለዚያ አገልግሎት አልተሠራም፤ እርሱም ለዚያ ይሁንልኝ አላለም። በዚህ ረገድ ቃላችንን አላጠፍንም።

የችኮላው ክፍል ግን ሥዕሉን ስቅለት አይደለም ማለታችን ነው። በስቅለት ዕለት ሁላችንም በማኅበር እንሰግዳለን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያነባው በየራሱ ነው። ከሌሊት ተራ የወጣችው የፋብሪካ ሠራተኛ የምታለቅሰው ልቅሶና ልጇን የቀበረችው እናት የምታለቅሰው ልቅሶ አንድ አይደለም። ሁለቱም ግን በአንዱ መስቀል ሥር ናቸው። የገብረ ክርስቶስ ሥዕል የአንድ ሰው ልቅሶ ነው። ስሙ የክርስቶስ አገልጋይ የሚል ትርጓሜ ያለው፣ ከብራና ሠዓሊ ቤት የወጣ፣ በሁለት አገር ትምህርት የተፈተነ አንድ ሰው በዓርቡ ጨለማ ፊት ቆሞ ያየውን በቀለም ተናገረ። ያንን አይተን ይህ የእኛ አይደለም ማለት የእርሱን ጸሎት ከደጅ መመለስ ይሆንብናል።

ወረቀቱ አሁን በመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይገኛል። በአጠገቡ በጥንቱ ሥርዓት የተሠራ ሥዕለ ስቅለት ሰቅለናል። በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ተማሪዎቻችንን በሁለቱ ፊት እናቆማቸዋለን። በመጀመሪያው ሥዕል እመቤታችንን፣ ዮሐንስን፣ ፀሐይንና ጨረቃን፣ የአዳምንም ቅል በስም እየጠሩ ይቆጥራሉ። በሁለተኛው ፊት ግን የሚቆጠር ነገር ስለማያገኙ ዝም ይላሉ። ከዝምታው በኋላ ትንሹ ተማሪ ሳይቀር ይህ ሁሉ ደም የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። የዓርብ ትምህርታችንን የምንጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ የምንፈጽመውም በእሑድ ሌሊት ብርሃን ነው።

ለሠዓሊው ዕረፍተ ነፍስን፣ ለአንባቢዎቻችንም የሰላምና የፍቅር በዓልን እንመኛለን።